የሰበታው ሳቅ

ትንሳኤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ስትጨርሱ እንዳትራገሙብኝ ነው። ችግሯ አንድ ብቻ ነው፤ ክርክር ላይ መሸነፍ አይሆንላትም። ካርታ ብትሸነፍ፣ የታክሲ ወረፋ ብትቀማ ግድ የላትም። ስለ ሶያማ ሙዚቃ ክርክር ከተነሳ ግን የገዛ እናቷንም አትምርም።

ሶያማን የማያውቅ ካለ፣ የሰበታ ልጅ ናት። ኤሌክትሪክ ጊታሯን አንጠልጥላ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለች የምትጮህ የሮክ ዘፋኝ። ሬዲዮ ብዙም አያጫውታት፣ ሠርግ ላይ የሚጠራት የለም። ግን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በቴሌግራም የተጠራሩ ወዳጆች አሏት፤ ወር በገባ ቁጥር ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ ይሰበሰባሉ። አዲስ ሥራ ስታወጣ ደግሞ «ችሎት» ይቀመጣሉ። በዕጣ አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ጠበቃ ይሆናል። ዳኛው የሰበታው ጭማቂ ቤት ባለቤት ኡዘይር ነው። ከሳሽ ቆሞ እየተንጎራደደ ይከሳል፣ ጠበቃ ተቀምጦ ይመልሳል፣ ሁሉም ነገር በስልክ ተቀድቶ ላልመጡት ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ጨዋታ ነው እንግዲህ፤ ግን ምራቸውን የሚጫወቱት ጨዋታ ነው።

ትንሳኤና ዲሪርሳ የተዋወቁት እዚያው ችሎት ላይ ነው። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሰፈራቸው ሲፈርስ ከእናቷ ከእትዬ ፋናዬ ጋር ቡራዩ ተከራይተው ገቡ፤ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ተጋፍታ ከተማ ትወርድና አንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ስትቀበል ትውላለች። እሱ የሱሉልታው ገበሬ የኦቦ ጎበና የበኩር ልጅ ነው። ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ የሚነፋው ማሽን ላይ ይሠራል። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲያወራ ፊቱን ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ ነው። ያ አተያዩ ነው መጀመሪያ የጣላት። እንዲህ አድርጎ የሚያዳምጣት ወንድ ከዚያ በፊት አልገጠማትም።

ለምን እንደዚያ እንደሚያይ ያወቀችው ቆይታ ነው። አንድ ቀን ገፈርሳ ግድብ ዳር ተቀምጠው ስታወራ ስታወራ መልስ አጣች። ዞር ስትል ውሃውን እያየ ነው።

«ዲሪ! አልሰማኸኝም እንዴ?»

ፊቱ ቀላ። «ግራ ጆሮዬ አይሰማም ትንሱ» አላት። «ማሽኑ ነው መሰለኝ። ቀስ በቀስ ሄደ። ፋብሪካው ካወቀ ከማሽኑ ያነሳኛል። ቤተሰቤ ካወቀ ደግሞ ያዝንልኛል። እሱን ነው የማልችለው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው።»

አለቀሰች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሄዱበት ሁሉ፣ በማይሰማበት በኩል ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ፣ በግራው የምትቀመጠው እሷ ሆነች። ሰው ቀልዶ ሲስቅ ጎንበስ ብላ ትሻገርና በቀኝ ጆሮው «እንዲህ ብሎ ነው» ትለዋለች፤ እሱም ከሰው ትንሽ ዘግየት ብሎ ይስቃል። ሌላው ሰው ቀስ ብሎ የሚገባው ልጅ ነው ይላል እንጂ የነቃበት አልነበረም። እሷ ግን ያቺን ዘግይታ የምትመጣ ሳቁን ትወዳታለች። የእኔ ናት ትላለች በሆዷ።

እትዬ ፋናዬ ጉዳዩን ስትሰማ ቤቱን በጩኸት አናወጠችው። «ከአራት ኪሎ ወጥተሽ ገበሬ ቤት ልትገቢ?» አለች፣ እሷ ራሷ ቡራዩ ጭቃ ውስጥ ቦቲ ጫማ አድርጋ ቆማ። በሱሉልታ በኩልም «የከተማ ልጅ ቤት አትይዝም» ያሉ ዘመዶች አልጠፉም። ግን ልጆቹ ፀኑ። እናት አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ «እሺ፣ ሽማግሌ ይላክ» አለች። ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የሶያማ አዲስ አልበም ችሎት ሰበታ ላይ ተቀመጠ።

* * *

የኡዘይር ጭማቂ ቤት ጢም ብሏል። ሶያማ ዓመታት ጠፍታ ቆይታ «ሜዳ» የሚል አልበም አውጥታለች፤ ሰዉም ለሁለት ተከፍሏል። የድሮው አልበሟ «ብረት» ግድግዳ ያነቃንቅ ነበር። አዲሱ ላይ ኤሌክትሪኩን ጥላ፣ በአንድ ተራ ጊታርና ቀስ ተብሎ በሚነካ ከበሮ ታንጎራጉራለች።

«ሸጠችን!» ይላል አንዱ።

«አደገች እንጂ!» ትላለች ገለቴ፣ የዲሪርሳ የአጎት ልጅ። «እናንተ ልጅ ወልዳችሁ እሷ ብቻ ጎረምሳ ሆና ትቅር?»

«አርጅታ ከሆነ ጡረታ ትውጣ!» አለ ዓቢይ፣ ያ ፀጉሩን ያሳደገው የቡራዩ ልጅ።

ዕጣ ወጣ። ከሳሽ ትንሳኤ፣ ጠበቃ ዲሪርሳ። ቤቱ በፉጨት ተናጋ፤ የሚዋደዱ መሆናቸውን፣ ሽማግሌም እንደሚላክ የማያውቅ አልነበረም። «ዛሬ ይፋታሉ!» ብሎ ጮኸ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ።

ትንሳኤ ተነሳች። «ክቡር ዳኛ፣ ክቡራን ጭማቂ ጠጪዎች» አለች እጇን አጣጥፋ። «ሶያማን የወደድናት ስለምትጮህልን ነው። እኔ ክሊኒክ ውስጥ አለቃዬ ስትቆጣኝ መልስ የለኝም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሲሰድበኝ መልስ የለኝም። ማታ ‹ብረት›ን ስከፍት ግን እሷ ትጮህልኛለች። አሁን እሷም እንደ እኔ ድምፅዋን ዝቅ ካደረገች ማን ይጩህልን? ይሄ አልበም ሆቴል ውስጥ ሰው እራቱን ሲበላ የሚከፈት ነው። ማንንም አይረብሽም። ሮክ ካልረበሸ ምኑን ሮክ ሆነ?»

ጭብጨባው አስደሰታት። አሸነፍኩ ብላ ነበር።

ዲሪርሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ብረት›ን እኔም እወደው ነበር» አለ። «ግን እውነቱን እንነጋገር፤ አብረናት ስንጮህ የምትለውን አልሰማናትም። ሦስተኛው ዘፈን ስለ እናቷ መሆኑን ስንቶቻችሁ አወቃችሁ? እኔ ግጥሙን አንብቤ ነው ያወቅኩት። ‹ሜዳ› ላይ ግን አንድ ቃል አላመለጠኝም። የመጨረሻው ዘፈን ላይ፣ የአባቷን ስም ከመጥራቷ በፊት ትንፋሿን ትስባለች። ሰምታችኋታል? ፈርታለች። የፈራችውን ነገር ነው ልትናገር የነበረው። ስንጮህማ ሁላችንም ደፋር ነን። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እየሰማህ ቀስ ብሎ መናገር ነው የሚከብደው። እኔ ይሄን አልበም የምወደው ደፍራ ስላየኋት ነው።»

 ኡዘይር የጭማቂ መፍጫውን አጠፋ። ዓቢይ እንኳን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ገለቴ ዓይኗን ጠረገች።

ምን አለ በዚህ ጊዜ ትንሳኤ ብትቀመጥ! ምን አለ እጄን ሰጥቻለሁ ብትል! በሆዷ ኮርታበት ነበር እኮ፤ ተነስታ ብታቅፈው በወደደች። ቃል ያላመለጠው ለምን እንደሆነም ከሁሉም የምታውቀው እሷ ናት። «ብረት» በአንድ ጆሮ ሲሰማ ጩኸት ብቻ ነው፤ «ሜዳ» ግን ለእሱ የተሠራ ይመስላል። ይሄ ሁሉ በልቧ እያለ፣ ያ የማትችለው ነገር መጣባት። እየተሸነፈች ነው። እየተንጎራደደች ከዲሪርሳ ወንበር በስተግራ ትንሽ ኋላ ደርሳ ነበር። ለእሱ ጭብጨባው ሲነሳ እዚያው ቆማ እጇን አነሳች።

«ክቡር ዳኛ! የጠበቃው ቃል ውድቅ ይደረግልኝ! ይሄ ሰውዬ አልበሙን በግማሽ ነው የሰማው፤ ግራ ጆሮው ከሞተ ቆይቷል! በአንድ ጆሮ ማን ሮክ ይዳኛል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዓቢይ ጠረጴዛ ደበደበ። ትንሳኤም ሳቀች። ምን አልኩ? ወዲያው ዲሪርሳን አየችው።

ዲሪርሳ እየሳቀ ነው። ግራ ቀኝ ሰውን እያየ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ።

«እውነት ነው እንዴ ዲሪ?» አለው ኡዘይር ከፊት ለፊቱ።

«እውነት ነው፣ እውነት ነው!» አለ ዲሪርሳ እጁን እያወናጨፈ። ሳቁ ባሰ። ኡዘይር ጠረጴዛውን መታ፤ ለከሳሽ ተፈረደ። ዲሪርሳ ራሱ ቆሞ አጨበጨበላት።

ተመስገን አለች በሆዷ። ቀልድ አድርጎ ወሰደው። እንዲያውም ሸክሙን አቀለልኩለት ብላ ራሷን አሳመነች። አየር ጤና ላይ ሲለያዩ እሱ ከገለቴ ጋር የሱሉልታ መኪና እንዳያመልጠው እየሮጠ ነበር፤ እጁን ከሩቅ አውለበለበላት። ወደ ቡራዩ ስትመለስ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

* * *

በዚያ ሳምንት ዲሪርሳ መልሱ ሁሉ አጭር አጭር ሆነ። «ሥራ በዝቶ ነው።» «ደክሞኛል።» ሽማግሌ የሚልክ ወንድ ጣጣ አለበት ብላ አለፈችው። ግሩፑ ላይ ደግሞ አዲስ ጨዋታ ተፈጥሯል፤ ሰው በተከራከረ ቁጥር «አንተ በየትኛው ጆሮህ ነው የሰማኸው?» ይባባላሉ። ትንሳኤም አንዴ የሳቅ ምልክት አደረገች። እሱ ዝም ብሏል። እሱ ድሮም ግሩፑ ላይ ብዙ አይጽፍም።

እሁድ ደረሰ። ሽማግሌ ሲጠበቅ እንደማይጠበቅ ሆኖ ነው የሚጠበቀው። እትዬ ፋናዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ «እንዲሁ አሰኝቶኝ ነው» ትላለች። ጋሽ ሳህሉ፣ አጎቷ፣ ከሆለታ ማልደው መጥተው «መንገዴን ጎራ ብዬ ነው» ይላሉ። ወንበሩ ሁሉ ከጎረቤት የተዋሱት ነው። የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር ሁሉም ሌላ ቦታ ያያል። አንዴ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ አንዴ የጎረቤት ልጅ ወንበራችንን እያለች ነው።

ረፈደ። ምግቡ ቀዘቀዘ። ደውሎ የት ደረሳችሁ ማለት ደግሞ ለሴት ወገን ነውር ነው። ቀኑ ሲያዘነብል ጋሽ ሳህሉ ኮታቸውን አንስተው «መንገድ ተበላሽቶ ይሆናል» አሉ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ። ትንሳኤ ፊታቸውን ማየት አልቻለችም።

እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለ። ቀሚሷን አውልቃ ቀስ ብላ አጠፈችና «እኔ አልኩሽ አልልም» አለች። «ግን ልጄን ማንም ከበሩ ላይ እንዲጥላት አላሳደግኳትም።»

ትንሳኤ ጓሮ ወጥታ ቮይስ ላከችለት። ደሟ ፈልቶ ነበር። «ወንድ ከሆንክ ፊት ለፊት አትናገርም? እናቴን አዋረድክ! ልክ ነበሩ፣ ተይው ያሉኝ ሁሉ ልክ ነበሩ!» መልሱ በጽሑፍ መጣ፤ «ይቅርታ። እናትሽን በተለይ ይቅርታ በይልኝ።» በቃ። ከቁጣ የተነሳ እንባ መጣባት፤ ለምን እንደሆነ ባታውቅም ግን ከቁጣዋ ስር አንዲት ፍርሃት ነበረች።

* * *

በማግስቱ ሥራ አልገባችም። አዲሱ ገበያ ላይ የሱሉልታ ታክሲ ይዛ ሽቅብ ወጣች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር፤ የሚያቃጥለውን የሚያቃጥለውን መርጣ።

የኦቦ ጎበና ግቢ በር ላይ ስትደርስ እሳቸው ለላሞቹ ጭድ እያሰናዱ ነበር። አንዴ ብቻ ነበር ያገኘቻቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጎበና?» አለች ዲሪርሳ እንዳስተማራት።

«ነጋ፣ ነጋ። ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ። ግቢ ልጄ።» እጃቸውን አራግፈው በርጩማ ሰጧት። «ከጫንጮ ወንድሜን አስጠርቼ ነበር» አሉ። «ሁለት ደጋግ ሰዎች ለምኜ፣ የምንለውን ተነጋግረን ጨርሰን። ልጁ ‹አባ ተወው› አለኝ። ለምን ብለው ዝም። አንቺ ንገሪኝ እስቲ። የተሻለ አገኘሽ? ብታገኚም አልቀየምሽም።»

ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባት። ያን የሚያቃጥል ንግግር ፈለገችው፣ አጣችው። በምትኩ ሌላ ነገር ከአፏ ወጣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው አባባ። ለእኔ ብቻ የነገረኝን ነገር ሰው ፊት አወጣሁበት።»

«የጆሮውን ነው?»

ደነገጠች። «ያውቃሉ?»

«አባቱ አይደለሁም እንዴ? በግራ ስጠራው አይዞርም። እናቱ በቀኙ ትቀመጣለች፣ ታናናሾቹም በቀኙ። ተመካክረን አይደለም። ሲችል ይነግረናል ብለን ዝም አልን።» ጭዱን እንደገና አነሱ። «ታች ሜዳው ላይ ነው። ሂጂ አነጋግሪው።»

እናቷ «ገበሬ ቤት» ያለችው ይሄን ቤት ነው። ትንሳኤ ቁልቁል ወረደች። እንዲህ አፍራ አታውቅም።

* * *

ዲሪርሳ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከመንገዱ ዳር ሯጮች ተከታትለው ያልፋሉ፤ የሱሉልታ ብርድ ፊት ይገርፋል። በቀኙ ዞራ ቆመች።

«ሰላም ነሽ?» አላት። ለጎረቤት የሚሰጥ ሰላምታ ነበር፤ አቆሰላት።

«ዲሪ፣ እናቴ ቀሚሷን ለብሳ ዋለች። አትጠብቁን አይባልም?»

«ይባላል። አጥፍቻለሁ። መጥቼ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።»

«እኔስ?»

ከግንዱ ላይ ልጣጭ መላጥ ጀመረ።

«በዚያ ነገር ነው አይደል?» አለች። እንባዋ ቀደማት። «አፌ አመለጠኝ ዲሪ! ክርክር ነበር፣ ታውቀኛለህ፣ እየተሸነፍኩ ነበር። በስመ አብ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ግን አንተም ስቀሃል እኮ! ከሁሉም በላይ የሳቅከው አንተ ነህ! ኡዘይር ሲጠይቅህ እውነት ነው አልክ። ቆመህ አጨበጨብክልኝ! ከፍቶህ ቢሆን ያኔ ትነግረኝ አልነበር? እኔ ምን ልወቅ?»

«አልሰማሁትም።»

«ምኑን?»

«ያልሽውን። በግራዬ ቆመሽ ነበር።»

 ሯጮቹ አለፉ፣ ሌሎች መጡ።

«ሰው ሁሉ ሲስቅ አየሁ» አለ ዲሪርሳ፣ ያን ቀስ ያለ አነጋገሩን ይዞ። «አንቺም ስትስቂ አየሁ። ደስ ብሎሽ ነበር። ምን እንዳልሽ አላወቅኩም። ግን አንቺ ያልሽው ነገር አይደል? ሳቅሁ። ኡዘይር እውነት ነው ወይ ሲለኝ፣ አንቺ ካልሽው እውነት ነው ብዬ፣ እውነት ነው አልኩት።»

«ዲሪ...»

«ቅጂው ሲለጠፍ በቀኝ ጆሮዬ ሰክቼ ከፈትኩት፣ ያመለጠኝን ልሰማ። ምን ብላ ይሆን የረታችኝ እያልኩ፣ እየሳቅሁ ነበር የጠበቅኩት ትንሱ። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ አንቺን ሰማሁሽ። ከዚያ እኔን ሰማሁኝ። በራሴ ላይ ከሁሉም በላይ ስስቅ።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። እጁን ያዘች፤ አልነጠቃትም፣ ግን አልጨበጣትም። «ይቅር በለኝ። ይቅር በለኝ ዲሪዬ። ግሩፑ ላይ እናገራለሁ፣ ውሸት ነበር እላለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ ምን ላድርግ? ንገረኝ፣ ምን ላድርግ?»

«ቅጂው ፋብሪካ ደርሷል። አለቃዬ ከበስተግራዬ ቆሞ ስሜን ሲጠራ ነበር አሉ፤ ሌሎቹ ናቸው የነገሩኝ። ከማሽኑ አንስተው ጭነት ላይ አደረጉኝ። እሱ ይሁን። ምናልባትም ለጆሮዬ ይሻላል። እናቴ ሁልጊዜ በቀኜ ስትቀመጥ አስተዋልኩ፤ አባቴም እንደሚያውቅ አሁን ገባኝ። እሱም ይሁን። እንዲያውም ቀለለኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት። «ይቅር ብዬሻለሁ ትንሱ። ክፋት እንደሌለብሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሰው መሃል ስገባ የማልፈራው አንቺ ስላለሽ ነበር። ሲስቁ ዞሬ አንቺን ምን አሉ እላለሁ። አሁን ማንን ልጠይቅ?»

«እኔን! እኔን ጠይቀኝ!»

«አንቺን አግብቼ፣ ማዶ ክፍል ውስጥ ከጓደኞችሽ ጋር ስትስቂ በሰማሁ ቁጥር በእኔ ይሆን ማለት አልፈልግም። አልልም ብዬ ራሴን ታገልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ታገልኩት። አልቻልኩም። ሽማግሌ ልኬ አባቴን በውሸት አላስምለውም።»

«አትወደኝም በቃ?»

«እሱን አላልኩም» አለ።  «እሱን መቼ አልኩ?»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ይሄን መደበቅ አልፈልግም፤ ሁለቱም አለቀሱ። አንዲት ክርክር አሸንፋ ነበር። ያሸነፈችው እሱን ነው፤ እንዲህ ያለ ማሸነፍ ደግሞ መመለሻ የለውም። ብትሸነፍ ኖሮ ዛሬ እናቷ ቀለበት እየመረጠች ነበር። ትንሳኤ ይህን እያሰበች ደረቱ ላይ ሆና ልቡን አዳመጠች።

* * *

መንገድ ድረስ ሸኛት። ጨዋ ነው፣ ይህንንም አልነፈጋትም። ረዳቱ «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ!» እያለ ይጮሃል። ገብታ መስኮቱ ዳር ተቀመጠች። እሱ ውጭ ቆሟል። ምንም የቀረ ቃል ያለ አይመስልም ነበር።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ዲሪርሳ ወደ መስኮቱ ተጠጋና አንድ ነገር ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች። መስታወቱ የተዘጋ ነው፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ረዳቱ ይጮሃል። ሳታውቀው ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ፈገግም አለች። መኪናው ትንሽ እንደሄደ ደነገጠች።

«ወራጅ አለ!»

«አሁን ገብተሽ አሁን?» አለ ሹፌሩ። «ቤትሽ መሰለሽ እንዴ?»

«ወራጅ አለ አልኩ፣ ክፈትልኝ!»

ዘላ ወረደች። ጭነት መኪና ጥሩምባውን ሲያንባርቅባት ዞር ብላም አላየችው። እሱ ገና እዚያው ቆሞ ነበር። ትንፋሿ ተቆራርጦ ደረሰችበት።

«ምን አልከኝ? አልሰማሁህም።»

አያት። ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ፤ ተመልሶ ዘጋው። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ደግ ፈገግታ ነበር፣ እሱ ነው የከፋው።

«ተይው ትንሱ። ምንም አይደለም።»

«አይ፣ ድገምልኝ! እባክህ!»

«ምንም አይደለም አልኩሽ። ሂጂ፣ ብርድ ነው።»

ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወደ ሜዳው ወረደ። ትንሳኤ እዚያው ቆማ ቀረች። ምን ብሏት ይሆን? ጠብቂኝ ይሆን? እርሺኝ ይሆን? ምናልባት መኪና ላይ ተጠንቀቂ ብቻ ይሆናል። ዕድሜዋን ሙሉ ልታስበው ነው። በአጠገብህ ያለፈ ቃል ምን ያህል እንደሚያም፣ ድገምልኝ ብሎ መለመን ምን ያህል እንደሚያሳፍር፣ ዲሪርሳ ይህን ቀን በቀን እየዋጠ እንደኖረ፣ ያኔ ነው የገባት። በግራው ተቀምጣ ያወቀችው መስሏት ነበር።

ሌላ ታክሲ መጣ። ገብታ እስከ ድል በር ድረስ ተንሰቀሰቀች። አጠገቧ የተቀመጡት እናት ዘንቢላቸውን ወደ ጎን አድርገው ጎንበስ አሉና «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሏት።

ትንሳኤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ምንም አይደለም እማማ» አለች።